ጨዉ ደርቆ እስኪያድር

አያቴ ከሞተች ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። ቁጭ እላለሁ፣ እነሳለሁ። ደረጃውን እወጣለሁ፣ ለምን እንደወጣሁ ይጠፋኝና እወርዳለሁ። ሰው እጄን ይዞ ያስቀምጠኛል፤ ዘወር ሲልልኝ ተነስቼ በሩ ጋ ነኝ።

የለቅሶ ቤት በር አይዘጋም። ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ወቅቱ ደግሞ ኖም ነው። እኛ የወደብ ከተማዋ የሃይፎንግ ሰዎች ኖም የምንለው ከጨረቃ አዲስ ዓመት በኋላ ያሉትን ሳምንታት ነው፤ ከባሕሩ የሚነሳው ሞቃት ነፋስ በር ተከፍቶ ካገኘ ይገባና ቀዝቃዛ ነገር በነካ ቁጥር ውሃ ይሆናል። ወለሉ ያልበዋል። የደረጃው መደገፊያ ያልበዋል። የአያቴ ፎቶግራፍ እንኳ መስታወቱ ጉም ለብሷል፤ እየሄድኩ በእጅጌዬ እጠርገዋለሁ፣ መልሶ ይለብሳል።

"ተረጋጊ እንጂ ሚየን" አለችኝ ትናንት አንዲት ጎረቤት። "በለቅሶ ቤት እንዴት በሩን፣ በሩን ትያለሽ? ሰው ምን ይላል?"

ሰው ምን እንደሚል አላውቅም። አያቴ ምን እንደምትል ግን አውቃለሁ።

በሰባት ዓመቴ፣ ልክ እንዲህ ባለ ኖም፣ እናቴ ጠፋች። ለእኔ የታየኝ እንደዚያ ነው። ጠዋት ስነሳ አልጋዋ ባዶ ነበር። አባቴ በወደቡ ክሬን ይነዳ ነበር፤ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ "ሃኖይ ሄዳለች፣ ትመጣለች" አለኝ። ከእሷ ጋር ሳሏም ሄደ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ሳሏ ነበር፦ ሁለት አጭር፣ ከዚያ አንድ ረጅም፣ ጫፉ ላይ እንደ ፉጨት የሚቀጥን። እንደ ዶሮ ጩኸት ለምጄው ነበር። ሲጠፋ ቤቱ የቆመ ሰዓት መሰለኝ።

ቤታችን ጠባብ ነው፤ አንዱ ክፍል በሌላው ላይ ተደርቦ ሽቅብ የወጣ። መታጠቢያ ቤቱ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ከእናትና አባቴ መኝታ ጀርባ ነው። የአልጋው ራስጌ የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ነበር የሚቆመው። በዚያ ግድግዳ፣ በውስጥ በኩል፣ ጎሽ ነበረን። ከጣሪያው ሥር ጀምሮ የወረደ ጥቁር ሻጋታ ነው፤ ቀንድ ነበረው፣ የጎበጠ ጀርባ ነበረው። እናቴ ስታጥበኝ ሁለታችንም ቀና ብለን እናየው ነበር።

"ሚየን፣ እይ እይ፣ ጎሹ ወልዷል!" አለችኝ አንድ ቀን። እውነትም አጠገቡ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ወጥቶ ነበር። ጥጃውን "ፍሬ" አልነው። በየሳምንቱ ያድግ ነበር። እናቴ እየሳቀች ትስላለች፣ እየሳለች ትስቃለች፣ የሞቀው ውሃ እንፋሎት ክፍሉን ይሞላዋል፣ እኛ በሩን ዘግተን ጥጃችንን እናሳድጋለን።

አያቴ የአባቴ እናት ናት። እናቴ በሄደች ሰሞን ከደቡብ፣ ከፋን ራንግ፣ አንድ ጆንያ ጨው ተሸክማ በባቡር መጣች። በአገሯ ሰው የሚጠራው በተወለደበት ተራ ስለሆነ ስሟ "ስድስት" ነበር፤ የእኛ ሰፈር ሰው ይህን ሲሰማ ሳቀና "እማማ ስድስት" አላት፣ በዚያው ቀረ። ፋን ራንግ ዝናብ አያውቅም። አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ የባሕር ውሃ በመደብ ላይ አድርቃ ጨው ስትሰበስብ ኖራለች። ተረከዟ የተሰነጠቀ፣ ከንፈሯ የደረቀ፣ እግሯ የማያርፍ ሴት ነበረች። እንደገባች ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ አፍንጫዋን ነፋች።

"ይህ ቤት ነው መቃብር?" አለችና የቤቱን መስኮት በሙሉ በረገደችው።

እኔ ደስ አለኝ። እናቴ ስትመጣ ከሩቅ እንድታየን የከፈተችው መስሎኝ።

የመንደራችን መግቢያ ላይ የሸርጣን ሾርባ ከሩዝ ፓስታ ጋር የምትሸጠው፣ አክስቴ የምላት ጎረቤታችን ሂየን ጭልፋዋን እንደያዘች እየሮጠች መጣች።

"እማማ ስድስት! ኧረ ምን እያደረጉ ነው?"

"አናፍሳለኋ! አይሸትሽም?"

"ይዝጉት፣ ይዝጉት! ባሕሩን እኮ እየጋበዙት ነው!"

"ስሚ አንቺ፣ እኔ ባሕር ስጨምቅ ነው የኖርኩት። እርጥብ ነገር በነፋስ ይደርቃል፣ አለቀ። አሁን ቤት ማናፈስ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?"

"እሺ እንዳሉ። ነገ ጠዋት ግን ዋና የሚችል ሰው ፈልገን ነው ሰላም የምንልዎት" ብላ አክስቴ ሂየን እየሳቀች ሄደች።

በማግስቱ አባቴ ከደረጃው ተንሸራቶ በቂጡ ወረደ። ወለሉ ላይ ውሃ ቆሟል። ከግድግዳው ላይ ጠብታ ጠብታን እያሳደደ ይወርዳል። መታጠቢያ ቤት ስገባ ጎሻችን ግራጫ ፀጉር አብቅሏል፤ ፍሬ ደግሞ በአንድ ሌሊት ጎሹን አክሏል። እኔ አጨበጨብኩ። አያቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ጎሹን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ፣ እየተንሸራተተች፣ ወደ አክስቴ ሂየን ወጣች።

ስትመለስ ቤቱን መዝጋት ጀመረች። መስኮቱን ዘጋች። የመስኮቱን ስንጥቅ በጋዜጣ ጠቀጠቀች። ከበሩ ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ አስገባች። ማንም ሲገባና ሲወጣ ከኋላው እየሮጠች "ዝጋ! ዝጊ!" ትላለች። የረጠበ ልብስ በቤት ውስጥ ማስጣት ተከለከለ። ወለሉን በውሃ መወልወል ተከለከለ፤ በደረቅ ጨርቅ ብቻ። በየአልጋው ሥር ከሰልና ውሃ ያልነካው ኖራ በቅርጫት አስቀመጠች። እየሞቀን፣ እየታፈንን፣ አምፖል አብርተን በቀን እንቀመጥ ጀመር። እኔ ግን አልቀመጥም፤ በሩ ሥር ተንበርክኬ የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አድርጌ ወደ መንገዱ አያለሁ። በዝግ በር ሰው እንዴት ይገባል?

አንድ ምሽት አባቴ ከሃኖይ ተመልሶ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ ሲበላ ሰማሁት።

"ሐኪሙ ወደዚህ ቤት አትመለስም አለ።"

"ቀስ በል፣ ልጅቷ አልተኛችም" አለች አያቴ። የቀረውን በሹክሹክታ ጨረሱት።

የቀረውን አሁን አውቀዋለሁ። እናቴ ሳንባዋ ውስጥ ሻጋታ ሥር ሰዶ ነበር። መድኃኒቱ እየሠራላት ነበር፤ ነገር ግን ያ ጥቁር ግድግዳ እንዳለ እዚያው አልጋ ላይ ተመልሳ ብትተኛ ሁለተኛ እንደማያተርፏት ሐኪሙ ለአባቴ ነገረው። ሆስፒታሉ ደግሞ መድኃኒቱ ሲያልቅ ያስወጣታል። ሌላ የምናስገባበት ቤት አልነበረንም። ፋን ራንግ እንዳይወስዷት ያን ሁሉ መንገድ በባቡር የምትችልበት አቅም አልነበራትም። ስለዚህ ቤቱ መድረቅ ነበረበት፣ ያውም በኖም። ይህን ሁሉ አያቴና አባቴ ያውቃሉ፤ እኔ የማውቀው አትመለስም መባሉን ብቻ ነው።

በማግስቱ አያቴ የእናቴን ፍራሽ እየጎተተች ወደ ጓሮ አወጣችው። ትራሷን አወጣች። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አላቃ ስትከፍተው ጀርባው በሻጋታ ነጭ በነጭ ሆኗል። ልብሶቹን እያነሳች ታሸታለች፣ ትጥላለች። አረንጓዴዋን የበዓል ቀሚስ ወደ ብርሃን አቅርባ አየቻት፤ አመነታች፤ ከዚያ ጨመረቻት። በርሜል ውስጥ እሳት ለኮሰች።

"የማን ነው?" አልኳት፣ እያወቅሁ።

"የእናትሽ።"

"ለምን ታቃጥይዋለሽ?"

"ተበላሽቷላ።"

"ስትመጣ ምን ልትለብስ ነው?"

አያቴ በእንጨት እሳቱን ቆሰቆሰች። ጭሱ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ እንባዋን አወረደው፤ ወይም እኔ ጭሱ ነው አልኩ። "ግቢ፣ በሩንም ዝጊ" አለችኝ።

የአክስቴ ሂየን ባል ሲሞት ልብሱን በርሜል ውስጥ ሲያቃጥሉት አይቻለሁ። እኛ ዘንድ የሟች ልብስ ይቃጠላል። ስለዚህ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ፤ እናቴ ሞታለች፣ እየደበቁኝ ነው። አላለቀስኩም። የማውቀውን እንዳያውቁብኝ ፈራሁ። ከክፍል ክፍል መዞር ጀመርኩ። አያቴ በአንድ በኩል ስትዞር እኔ በሌላ በኩል፤ ደረጃው ላይ እየተላለፍን፣ ሁለታችንም ሳንቀመጥ።

ከዚያ ጎሹን ገደለችው። አባቴ ግድግዳውን በመሮና በመዶሻ ሲሰብረው ከሲሚንቶው ውስጥ የዛገ ቧንቧ ወጣ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። "ይኸው! ሌባው ይኸው!" እያለ ጮኸ፣ የተገኘ ዘመድ ይመስል። ቧንቧው ተቀየረ። በላይ በኩል፣ ከጣሪያው ሥር፣ ለእንፋሎት መውጫ የሚሆን ቀዳዳ ወደ ጓሮ ተበሳ፤ በኖም ቀን ከውጭ እንዳያስገባ የእንጨት ክዳን ተሠራለት። አያቴ አፍና አፍንጫዋን በሻሽ አስራ፣ እኔን ከደረጃው በታች አስቀርታ፣ ግድግዳውን በበረኪና ፈተገችው። ሽታው እስከ ምድር ቤት ወረደ። በሌላ ቀን በአቼቶ፣ በሌላ ቀን በኖራ። በመጨረሻ ሾልኬ ስገባ ግድግዳው እንደ ወረቀት ነጭ ነበር። ጎሹ የለም፣ ፍሬ የለም። እኔና እናቴ አብረን ያሳደግነው ሁሉ ተፍቋል። በእርጥብ ጣቴ ቀንዱ የነበረበት ቦታ ላይ ቀንድ ልስል ስል አያቴ እጄን ያዘችኝ።

"ውሃ አታስነኪው! ደረቅ ነው፣ ደረቅ!"

በዚያው ቀን ከጆንያዋ ጨው ዘግና በሰፊ ሳህን ላይ አድርጋ መታጠቢያ ቤቱ ወለል መሀል አስቀመጠችው።

ጨው ለምን እንደሚወጣ የማያውቅ ልጅ እኛ ሰፈር የለም። ሰው ሲቀበር፣ በሰባተኛው ወርም ቤት ለሌላቸው ነፍሳት፣ ሩዝና ጨው በደጃፍ ይበተናል። በልታችሁ ሂዱ፣ ወደ ቤት አትግቡ ማለት ነው። ለአክስቴ ሂየን ባል ተበትኗል። አሁን ለእናቴ ወጣ። ያውም ደጃፍ አይደለም፤ መታጠቢያ ቤት፣ የእኔና የእሷ ቦታ።

"ይህ ጨው ምን ያደርጋል?" አልኳት አያቴን።

"ዘበኛ ነው። ማን እንደገባ ጠዋት ይነግረኛል።"

ለልጅ እንዲገባ ብላ ነው፤ ጨው እርጥበት ካገኘው ይቀልጣል። እኔም ገባኝ፣ በራሴ መንገድ። ጠዋት ተሽቀዳድመን እንሄዳለን። ሳህኑ ላይ ጨዉ ቀልጦ ውሃ ሆኖ ሲገኝ አያቴ ጥርሷን ትነክሳለች፤ "ገብቷል ማለት ነው" ትላለች። የእኔ ልብ ግን ይዘላል፦ እማዬ መጥታ ነበር! ጨዉን አቅልጣው ገብታ ነበር! አያቴ ውሃውን ደፍታ፣ አዲስ ጨው አድርጋ፣ ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች በደረቅ ጨርቅ ትወለውላለች፣ ከሰሉን ትቀይራለች፣ ከበሩ ሥር ያለውን ጨርቅ አጥብቃ ትጠቀጥቃለች። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጠዋት ጨዉ እርጥብ ብቻ ሆነ። ከዚያ ጠርዙ ብቻ። አያቴ ማንጎራጎር ጀመረች። እኔ ምግብ አልበላም አልኩ። እናቴ እየቀረች ነበር፤ መምጣት እየሰለቻት።

"ይህች ልጅ ምን ሆናለች?" አለ አባቴ።

"ናፍቋታል" አለች አያቴ። "እኔንም እንደ እባብ ታየኛለች። ይሁን። ታየኝ።"

ከዚያ አንድ ጠዋት ብርድ ቀሰቀሰኝ። ከመንገዱ የአክስቴ ሂየን ድምፅ ይጮኻል።

"እማማ ስድስት! ዞረ! ነፋሱ ዞረ! የሰሜኑ መጣ!"

አያቴ ባዶ እግሯን ደረጃውን እየዘለለች ወጣች። ተከተልኳት። ሳህኑን አንስታ ስትነቀንቀው ጨዉ እንደ ጠጠር ተንኳኳ። አንዷን ቅንጣት በጥርሷ ሰበረች። ሳህኑን መልሳ አስቀመጠችና የቀዳዳውን ክዳን አነሳች፤ ከዚያ በሩን፣ ከዚያ የቤቱን መስኮት በሙሉ። ጋዜጣው ከየስንጥቁ እየተነቀለ ወለል ላይ ወደቀ። ቀዝቃዛ ደረቅ ነፋስ መጋረጃውን እያነሳ ቤቱን አቋርጦ አለፈ። አባቴ በአክስቴ ሂየን ስልክ ሃኖይ ደወለ፤ የሰው መኪና ይዞ ወጣ። አያቴ ዶሮ ማረድ ጀመረች። ማንም ምንም አልነገረኝም። አሁን ሳስበው፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢደርስስ ብለው ነው።

እኔ ግን እንዲህ አሰብኩ። በሩ ተከፈተ። መስኮቱም ተከፈተ። እናቴ እንዳትገባ የሚከለክላት አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል።

ከሰዓት በኋላ አያቴ ምድር ቤት ስትንጎዳጎድ ወደ መታጠቢያ ቤት ወጣሁ። በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። ባልዲውን ገልብጬ ቆምኩበት። ጨዉን በቀዳዳው አሳልፌ ወደ ጓሮ ልደፋው ሳህኑን በሁለት እጄ ከራሴ በላይ አነሳሁ። ጨዉ ሳህኑ ላይ ይንኳኳል።

በቀዳዳው በኩል ከታች ሳል መጣ። ሁለት አጭር። ከዚያ ረጅሙ፣ ጫፉ የሚያፏጨው።

ባልዲው ላይ ደርቄ ቀረሁ። ከታች ድምፅ ይንጫጫል፤ "ቀስ በይ"፣ "ያዝ፣ ያዝ"፣ "የታለች? ሚየን! አንቺ ሚየን!" ደረጃው ላይ እግር ይወጣል፣ ይቆማል፣ ይተነፍሳል፣ ደግሞ ይወጣል። በሩ ተንኳኳ።

"ሚዬ" አለችኝ በበሩ በኩል። እንደዚያ ብላ የምትጠራኝ እሷ ብቻ ናት። "ክፈቺልኝ።"

"አትግቢ! ጨው አለ! ገና አልደፋሁትም!"

"የምን ጨው?"

"አንቺ እንዳትገቢ የተደረገው! ቆይ፣ ልድፋልሽ!"

በሩ ማዶ እናቴ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ወደ ሳቅ፤ የአያቴ ቁጣ ከሥር ደረሰ፦ "አታስቂያት! አንቺ ልጅ፣ አታስቂያት አልኩ!"

"እማማ" አለቻት እናቴ ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ "ሞታለች ብላ እኮ ነው። ጨዉን ነፍሴ እንዳትገባ ያደረጉት መስሏታል።"

ቁልፉን አዞርኩት። እናቴ ቀጥናለች፣ ፀጉሯ አጥሯል፣ የማላውቀው የሰው ሹራብ ለብሳለች። ሳህኑን እንደያዝኩ ሆዷ ውስጥ ተወሸቅሁ፤ ጨዉ በሁለታችን መካከል እየፈሰሰ እግራችን ሥር ተበተነ። የመድኃኒት ሽታ ነበራት። ትሞቅ ነበር።

አያቴ አልፋን ገባችና የተገለበጠው ባልዲ ላይ ቁጭ አለች። ከመጣች ጀምሮ ስትቀመጥ ያየኋት ያኔ ነው።

"ታዲያ እኔን ምን አድርገሽ ነበር የምታዪኝ?" አለችኝ።

ፊቴን እናቴ ሹራብ ውስጥ ደበቅሁ።

"ተናገሪ፣ አልቆጣም።"

"እማዬን የምታባርሪ።"

ራሷን ነቀነቀች። ክፉ ቃል ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። እጄን ያዘችና መዳፌን ግድግዳው ላይ፣ ጎሹ የነበረበት ቦታ ላይ፣ ለጠፈችው። ስታነሳው በነጭ የኖራ ዱቄት ተለውሷል። ውሃ የለበትም።

"እሱን ነው ያባረርኩት" አለች።

እናቴ በዚያ አልጋ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ ተደርጎ፣ በአዲስ ፍራሽ ተኛች። ዳነች ለማለት ይከብደኛል፤ ሳሉ ፈጽሞ አልተዋትም፤ ግን ኖረች፣ አለች። አያቴ "ይህ ኖም ይለፍና ወደ አገሬ እገባለሁ" አለች። በሚቀጥለውም ኖም እንዲሁ አለች። በየዓመቱ አለች። አልገባችም። ከእኛ ቤት ገላውን ታጥቦ ግድግዳውን በደረቅ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች ሳያብስ የወጣ ሰው የለም፤ እንግዳም ቢሆን፣ አማችም ቢሆን። ባሌ ሊያገባኝ በጠየቀ ሰሞን እርጥብ ፎጣ በሩ ላይ ሰቅሎ ወጣ፤ አያቴ ይዛው ወርዳ በሰው ፊት ትከሻው ላይ ጣለችለት። በሽታዋ በጠናባት ሰሞን እንኳ እየተደገፈች ትወጣና ጣቷን በግድግዳው ላይ ሳብ አድርጋ ታያለች። "ብሞት እዚህ እርጥብ ውስጥ እንዳትቀብሩኝ" ትለን ነበር። አልቀበርናትም፤ አስከሬኗ ተቃጥሎ አመዷን አባቴ በባቡር ፋን ራንግ ያደርሳል።

ትናንት የስንብቱ ሥርዓት ሲያልቅ ሩዝና ጨው በሳህን ሰጡኝ፣ በደጃፍ እንድበትን። የልጅ ልጅ ስለሆንኩ ነው። ሩዙን በተንኩ። ጨዉ ግን ከመዳፌ አልወጣም። "በትኚ እንጂ" አለኝ አንድ ሽማግሌ። እጄን ጨብጬ በሰው መሀል አልፌ ወደ ላይ ወጣሁ፤ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ፣ ሳህን ላይ፣ አፈሰስኩት።

ዛሬ ጠዋት ከእኔ ቀድማ የነቃችው እናቴ ናት። ሳሏ ቀሰቀሰኝ።

"አየሽው?" አለችኝ ደረጃው ላይ ቆማ።

"አላየሁም።"

"ውሃ ሆኗል። በሩ ተከፍቶ ሰነበተ፣ ምን ይሁን።" መደገፊያውን ይዛ ቀስ እያለች ወረደች። ለቅሶ የመጡት ሰዎች ተነሱላት። ስታልፋቸው ሰማኋት፦ "ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሀዘንተኛ በሩን ዘጋ አትበሉን። እማማ ስድስት ብታየን ጉድ ነበር የምታፈላው።" ከዚያ ሳል፣ ከዚያ የበሩ መዝጊያ ድምፅ።

እኔ ደረቅ ጨርቅ ይዤ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። የቀዳዳውን ክዳን ገጠምኩ። ግድግዳውን ከላይ ጀምሬ ወለወልኩ፤ ጥጉን፣ የሴራሚኩን መገጣጠሚያ፣ ከቧንቧው ሥር። ጨርቁ ሲርስ ለወጥኩት። የቀለጠውን ጨው ደፍቼ ከጆንያው አዲስ ዘገንኩ።

ስጨርስ ባልዲውን ገልብጬ ቁጭ አልኩበት።